የኤውሮፓና የአሜሪካ የንግድ ድርድር በባለ ኢንዱስትሪዎች ዓይን ሲታይ

የኤውሮፓ ኅብረትና አሜሪካ ከ2013 እስከ 2016 ድረስ አንድ ታላቅ የንግድ ውል ለመዋዋል ሲደራደሩ እንደ ነበሩ ይታወቃል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ድርድሩ የታወጀው በጁን 2013 የስምንቱ ባለ ኢንዱስትሪ መንግሥታት መሪዎች በሰሜን አየርላንድ በሎክ ኧርን በተሰበሰቡ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዙር በዚያው ዓመት በዋሽንግተን፥ አሥራ አምስተኛው ዙር ደግሞ በኦክቶበር 2016 በኒው ዮርክ ተደረገ። አሥራ ስድስተኛ ዙር አልነበረም፤ ውሉም ሳይፈረም ቀረ።

ስለዚህ ድርድር የተጻፈው አብዛኛው ወይ የመንግሥታቱን ፖለቲካ ወይ በየአደባባዩ የወጣውን የሕዝብ ተቃውሞ የሚመለከት ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ሦስተኛውን ወገን ነው፤ ይኸውም ውሉ ከሁሉ በፊት ይጠቅመዋል የተባለለትን ባለ ፋብሪካ ነው። ባለ ፋብሪካው የፈለገው ምን ነበር? የፈለገውንስ ለምን ሳያገኝ ቀረ? «የኢንዱስትሪው አስተያየት» የሚለው አነጋገር በመጻሕፍትም በጋዜጦችም ይዘወተራል፤ አንድ አፍና አንድ ልብ ያለው አካል ያለ ያስመስላል። ነገሩ ቀርቦ ሲመረመር ግን እንዲህ አይደለም። አጥሩ እንዲፈርስለት የሚማልድ ባለ ፋብሪካ እንዳለ ሁሉ፥ በዚያው አጥር ጥላ ሥር ተጠልሎ የሚኖርም አለ፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱ አንድ ሰው ሆነው ይገኛሉ።

ስለ ቀረጥ

የንግድ ውል ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ጉምሩክ ነው። ይሁንና ድርድሩ ሲጀመር በሁለቱ ገበያዎች መካከል የነበረው ቀረጥ በአማካይ ሲታይ በመቶ 3 ወይም 4 ያኽል ብቻ ነበር። ለዚህች ያን ያኽል መድከም ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። አንደኛው ምክንያት የንግዱ ብዛት ነው፤ በየቀኑ በቢሊዮን በሚቈጠር ዶላር በሚደረግ ንግድ ላይ በመቶ 3 ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከዚህም በላይ የንግዱ ትልቅ ክፍል አንድ ኩባንያ ከራሱ ቅርንጫፍ ጋር የሚያደርገው ነው። ቢ.ኤም.ደብልዩ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በሳውዝ ካሮላይና፥ በስፓርታንበርግ አካባቢ ትልቅ ፋብሪካ አለው። ከጀርመን ለዚህ ፋብሪካ የሚላከው የመኪና ክፍል የአሜሪካን ጉምሩክ ያልፋል፤ ተገጣጥሞ ያለቀው መኪና ወደ ኤውሮፓ ሲላክ ደግሞ የኤውሮፓን ጉምሩክ ያልፋል። ኩባንያው ከራሱ ገዝቶ ለራሱ ሲሸጥ በሁለት በር ይጠየቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አማካይ ቍጥር ብዙ ነገር የሚሸፍን መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ኤውሮፓ ከአሜሪካ በሚመጣ የቤት መኪና ላይ በመቶ 10፥ አሜሪካ ከኤውሮፓ በሚመጣው ላይ በመቶ 2.5 ያስከፍሉ ነበር። ዕቃው ፒክአፕ ወይም የጭነት ቫን ሲሆን ግን የአሜሪካ ቀረጥ በመቶ 25 ነበር። ይኽ የመጨረሻው ቍጥር ከየት መጣ? ጥቂት እንቈይበት፤ የዚህ ቀረጥ እናት ዶሮ ናትና።

በ1950ዎቹ የአሜሪካ ገበሬዎች ዶሮን በፋብሪካ ሥርዐት በብዛት ማርባት ስለ ጀመሩ የዶሮ ሥጋ እጅግ ረከሰ፤ ወደ ምዕራብ ጀርመን የሚላከውም በዛ። በ1962 ስድስቱ የጋራ ገበያ አገሮች የጋራ የእርሻ ፖሊሲያቸውን ሲያቆሙ ከውጭ በሚገባው ዶሮ ላይ ከባድ ክፍያ ጣሉ፤ የአሜሪካም ሽያጭ ወደቀ። ክርክሩ ስለ ቀረጥና ንግድ የተደረገውን ጠቅላላ ስምምነት ወደሚጠብቀው ወደ ጄኔቭ ቀረበ። በዚያም የተሠየሙት ባለሙያዎች በ1963 የአሜሪካን ጉዳት 26 ሚሊዮን ዶላር ብለው ገመቱት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሥልጣን ከያዙ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው፥ በዲሴምበር 1963 ባወጡት ዐዋጅ ይኽንኑ ጉዳት ለማካካስ በአራት ነገሮች ላይ ቀረጥ ጨመሩ። አራቱም የድንች ስታርች፥ ከስታርች የሚሠራው ዴክስትሪን፥ ብራንዲና ቀላል የጭነት መኪና ናቸው። ብራንዲው ለፈረንሣይ፥ የጭነት መኪናው ለጀርመኑ ፎልክስዋገን የታሰበ ቅጣት ነበር።

የዶሮው ጠብ ተረሳ፤ የዶሮ አርቢዎቹም ያን ገበያ አላስመለሱም። በጭነት መኪናው ላይ የተጣለው ቀረጥ ግን አልተነሣም። ከ50 ዓመት በኋላ፥ በ2013 ተደራዳሪዎቹ ሲቀመጡ 25ቱ በመቶ እንደ ተጻፈ ነበር። በነዚህ ዓመታት ውስጥ የዲትሮይት ፋብሪካዎች ከፒክአፕ ሽያጭ የሚያገኙት ትርፍ ከሌላው መኪና ሁሉ የበለጠ ሆነላቸው። በዶሮ ክርክር ውስጥ አንዳች ድርሻ ያልነበረው ኢንዱስትሪ ከውጭ ተወዳዳሪ የሚጠብቀው ግንብ በነጻ አገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግንቡን ማን ያፍርሰው? የሚጎዳው ገዢ በሚሊዮን ተበታትኖ የሚኖር ነው፤ የሚጠቀመው ግን በጥቂት ከተሞች የተሰበሰበ፥ ጠበቃና እንደራሴ ያለው ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ የዚያው ግንብ ተጠቃሚ በሌላ በኩል ተጎጂ ሆኖ መገኘቱ ነው። ፎርድ ትራንዚት ኮኔክት የተባለውን ትንሽ ቫን በቱርክ አገር፥ በኋላም በስፔን እየሠራ ወደ አሜሪካ ያስገባ ነበር። ቫኑ ወደብ ሲደርስ የኋላ ወንበር ስላለው የሰው መኪና ነው ተብሎ በመቶ 2.5 ይከፍላል። ከጉምሩክ ካለፈ በኋላ ወንበሩ ተነቅሎ ለጭነት ይሸጣል። ጉምሩክ በ2013 ይኽ አይሆንም አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 የይግባኙ ችሎት ለጉምሩክ ፈረደ። በ2024 ኩባንያው ክርክሩን ለመጨረስ 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እንግዲህ «የአሜሪካ የመኪና ኢንዱስትሪ ስለ ቀረጡ ያለው አስተያየት ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ የሚያገኘው መልስ፥ የተጠየቀው ሹም የትኛውን ፋብሪካ እንደሚመራ የሚወሰን ነው። ሚሺጋን ያለው ቀረጡን ይወዳል፤ ስፔን ያለው ወንበር ይነቅላል።

ስለ ደንብ

የኤውሮፓ ኮሚሽን በለንደን ላለ የኢኮኖሚ ጥናት ማዕከል አስጠንቶ በ2013 ያወጣው ግምት፥ ውሉ በሰፊው ቢሳካ የኤውሮፓ ኢኮኖሚ በዓመት 119 ቢሊዮን፥ የአሜሪካ 95 ቢሊዮን ዩሮ ይጨምራል የሚል ነበር። አራት ነፍስ ላለው የኤውሮፓ ቤተ ሰብም 545 ዩሮ ይደርሰዋል ተባለ። ይኽ 545 ዩሮ በየንግግሩና በየጋዜጣው ተደጋግሟል። ያልተደጋገመው፥ ከዚሁ ጥቅም በመቶ 80 ያኽሉ የሚመጣው ከቀረጥ መነሣት ሳይሆን በደንብ ልዩነት፥ በአገልግሎት ሥራና በመንግሥት ግዢ ከሚደርሰው እንቅፋት መቀነስ መሆኑ ነው። ስለዚህም የውሉ ዋና ጕዳይ ቀረጥ ሳይሆን ደንብ ነበር። ደንብ ደግሞ እንደ ቀረጥ በመቶ ይኽን ያኽል ተብሎ የሚቀነስ ነገር አይደለም።

ከመኪና እንጀምር። ሾፌሮቻችን ፍሬቻ የሚሉት፥ መኪና ሲታጠፍ የሚበራው የኋላ መብራት በኤውሮፓ ብርቱካንማ መሆን አለበት፤ በአሜሪካ ቀይም ቢሆን ይፈቀዳል። ይኽ ለሚሰማው ሰው ቀልድ ይመስላል። ለፋብሪካው ግን ሁለት ዓይነት መብራት፥ ሁለት ዓይነት ሽቦ፥ ሁለት ዓይነት መለዋወጫና ሁለት ጊዜ ፍተሻ ማለት ነው። በስፖኪዮውም፥ በፊት መብራቱም፥ በወንበር ቀበቶውም እንዲሁ ነው። መኪና ሠሪዎቹ ያቀረቡት ልመና አጭር ነበር፤ በዚያ የተፈቀደ በዚህም ይፈቀድ የሚል ነው።

ልመናው አጭር ቢሆንም ከልዩነቱ በስተጀርባ ሁለት የተለያዩ አስተሳሰቦች አሉ። በኤውሮፓ አንድ ዓይነት መኪና ለገበያ ከመውጣቱ በፊት መንግሥት የሾመው መሥሪያ ቤት መርምሮ ፈቃድ ይሰጠዋል። በአሜሪካ ግን ሠሪው ራሱ «ሕጉን አሟልቻለሁ» ብሎ ያረጋግጣል፤ መንግሥት በኋላ ከገበያ ገዝቶ ይፈትሻል፥ ጉድለት ቢያገኝ መኪናዎቹ ሁሉ ተመልሰው እንዲጠገኑ ያዛል። በግጭት ፍተሻም እንዲሁ ነው፤ የኤውሮፓ ደንብ ተሳፋሪው ቀበቶ አስሯል ብሎ ሲነሣ፥ የአሜሪካ ደንብ ያላሰረውም እንዲድን ይጠይቃል፤ በዚህም ምክንያት የአየር ከረጢቱ አሠራር ይለያል። ኤውሮፓውያን የሚከተሉት በ1958 በጄኔቭ የተደረገውን የመኪና ደንቦች ስምምነት ነው፤ አሜሪካ ግን የዚህ ስምምነት አባል አይደለችም።

የመኪና ሠሪዎቹ ማኅበራት ልመናቸውን በማስረጃ ለመደገፍ ሲሉ የሁለቱ ደንቦች ደኅንነት እኩል መሆኑን እንዲመረምሩ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲንና በስዊድን የሚገኘውን የቻልመርስ ተቋም ባለሙያዎች አሠሩ። በ2015 የወጣው ውጤት እነርሱ እንደ ተመኙት አልሆነም። በፊትና በጎን መካከል በሚደርስ ግጭት በኤውሮፓ ደንብ የተሠራው መኪና የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ መኪናው ሲገለበጥ ደግሞ የአሜሪካው በለጠ። ይኽ ለሳይንስ ጥሩ ውጤት ነው፤ ለድርድር ግን አስቸጋሪ ነው። እኩል ናቸው ቢባል ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። አንዱ በአንዱ ነገር፥ ሌላው በሌላው ነገር ይሻላል ሲባል ግን፥ እኩልነቱን ለመቀበል አንዳንድ ሰው በአንዳንድ ዓይነት አደጋ ይበልጥ ሊጎዳ እንደሚችል አውቆ መፈረም ይጠይቃል። በእኛ አስተያየት ተደራዳሪዎቹ በዚህ ነጥብ ላይ ማመንታታቸው አያስወቅሳቸውም።

የማሽን ሠሪዎች ነገር ከዚህ የሚለይ ሆኖ አግኝተነዋል። የጀርመን ማሽን ሠሪዎች አብዛኞቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይሆኑ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ መካከለኛ ድርጅቶች ናቸው። ለብዙው የኤሌክትሪክ ዕቃ በኤውሮፓ ሠሪው ራሱ ደንቡን ማሟላቱን አረጋግጦ ምልክቱን ይለጥፋል። በአሜሪካ ግን በፋብሪካ ውስጥ የሚሠራበት ብዙው የኤሌክትሪክ መሣሪያ መንግሥት ባወቀው የግል ላቦራቶሪ ተፈትሾ መታለፍ አለበት። ልብ ብሎ ለተመለከተ በመኪና ሠሪውን የምታምነው አሜሪካ፥ የማታምነው ኤውሮፓ ነበረች፤ በማሽን ግን ነገሩ ተገልብጧል። ስለዚህ «አሜሪካ ነጻነት፥ ኤውሮፓ ቍጥጥር» እየተባለ የሚነገረው አጠቃላይ አባባል በእውነተኛው ደንብ ላይ ሲፈተን አይጸናም። በዚህም መስክ ቢሆን የሚጠቀም አለ፤ ፍተሻው ለላቦራቶሪዎቹ እንጀራቸው ነው።

ኬሚካል ሠሪዎቹ ከሁሉ ይልቅ ጠንቃቆች ነበሩ። የኤውሮፓው ሕግ ሪች ይባላል፤ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ነው። በዚህ ሕግ ሻጩ ስለ ዕቃው ጠባይ በቂ መረጃ አስመዝግቦ ካላቀረበ ገበያ የለውም። የአሜሪካው የ1976 ሕግ ግን በወጣ ጊዜ በገበያ ላይ የነበሩትን 62,000 ያኽል ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ተቀብሎ፥ አደገኛነታቸውን የማስረዳቱን ሸክም በመንግሥት ላይ ጥሎ ነበር፤ የተሻሻለው በ2016 ነው። የሁለቱ ወገን የኬሚካል ማኅበራት ሕጎቹ እጅግ ስለሚራራቁ አንዱ የሌላውን እንዲቀበል መጠየቅ እንደማይቻል ራሳቸው አምነው፥ የጠየቁት በአመዳደብ፥ በመረጃ ልውውጥና መጀመሪያ የሚመረመሩትን ንጥረ ነገሮች በመምረጥ መተባበርን ብቻ ነበር። ብዙ ሰው ግን ይኽንንም ቢሆን አላመናቸውም።

አለማመኑ መሠረት የሌለው አይደለም። ከኬሚካል ኢንዱስትሪ ጋር የተደረገ አንድ የቀድሞ ድርድር እዚህ ላይ መጠቀስ ይገባዋል። ከ1964 እስከ 1967 በጄኔቭ በተደረገውና በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስም በሚጠራው ድርድር፥ ኤውሮፓውያን አጥብቀው የጠየቁት አሜሪካ «የአሜሪካ መሸጫ ዋጋ» የተባለውን የቀረጥ አተማመን ዘዴ እንድታስቀር ነበር። ዘዴው በ1922 ሕግ የቆመ ሲሆን፥ ይልቁንም ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ በሚወጣው ቀለምና በመሰሎቹ ላይ ይሠራበት ነበር። ምሳሌ እንስጥ። አንድ የስዊስ ወይም የጀርመን ቀለም በደረሰኙ 100 ዶላር ነው እንበል፤ እርሱን የመሰለው የአሜሪካ ቀለም በአገር ውስጥ 200 ዶላር ይሸጣል። ቀረጡ በመቶ 40 ቢሆን የሚታሰበው በ100 ላይ ሳይሆን በ200 ላይ ነው፤ ስለዚህ 80 ዶላር ይከፈላል። በመጽሐፉ ላይ 40 የተባለው በእውነቱ 80 ሆነ ማለት ነው። ይልቁንም የአገር ውስጡ ሠሪ የራሱን ዋጋ ከፍ ባደረገ ቍጥር በተወዳዳሪው ላይ የሚጣለውም ቀረጥ አብሮ ከፍ ይላል።

በጄኔቭ ተደራዳሪዎቹ ዘዴው እንዲቀር፥ በምላሹም ኤውሮፓውያን ተጨማሪ ቅናሽ እንዲያደርጉ ተስማሙ። ይኽ ስምምነት ግን ከዋናው ውል የተለየ ወረቀት ነበርና የኮንግሬስን ፈቃድ ይጠይቃል። የአሜሪካ ኬሚካል ሠሪዎች በኮንግሬስ ፊት አጥብቀው ተከራከሩ፤ ፈቃዱም አልተሰጠም። ዘዴው የተሻረው ከሚቀጥለው፥ ከቶክዮ ድርድር በኋላ በ1979 በወጣው ሕግ ነው። ተደራዳሪ በጄኔቭ የሚፈርመው አንድ ነገር ነው፤ ባለ ፋብሪካ በአገሩ ምክር ቤት የሚያስወስነው ሌላ ነው። ይኽን የሚያውቁ የኤውሮፓ ኬሚካል ሠሪዎች በ2013 የልመናቸውን ልክ ማሳነሳቸው ብልኅነት ይመስለናል።

በመጨረሻ የተሳካለት የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ነው፤ እርሱም ያለ ውሉ ነው። አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ በኤውሮፓም በአሜሪካም ለመሸጥ ቢፈልግ የሁለቱም መንግሥታት ተቈጣጣሪዎች በየተራ እየመጡ ያንኑ ክፍል፥ ያንኑ መዝገብ ይፈትሹ ነበር። አንዱ የሌላውን ፍተሻ እንዲቀበል በ1998 የተዋዋሉት የመድኃኒት ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ቀርቶ ነበር። ከ2014 ጀምሮ የአሜሪካ ባለሙያዎች የኤውሮፓ ተቈጣጣሪዎች እርስ በርስ ሲገማገሙ አብረው እየተገኙ አሠራራቸውን ተመለከቱ፤ እየተመለከቱም አመኑ። በማርች 2017፥ ታላቁ ድርድር ቆሞ ሳለ፥ ክፍሉ ታድሶ ተፈረመ፤ በኖቬምበር 2017 መሥራት ጀመረ፤ በጁላይ 2019 ሁሉም የኅብረቱ አገሮች ለሰው መድኃኒት ፍተሻ ተቀባይነት አገኙ። እዚህ ላይ የተስማሙት ሕጎቹ አንድ ይሁኑ ብለው አይደለም፤ «የእናንተ ሰው ያየውን እንደ አየነው እንቈጥራለን» ብለው ነው።

ስለ ቀሩት ወገኖች በአጭሩ እንናገር። የፈረንሣይ መንግሥት የፊልምና የቴሌቪዥን ነገር ገና ከመጀመሪያው ከድርድሩ እንዲወጣ አድርጓል። የኤውሮፓ ባንኮች የገንዘብ ሥራ ደንብ እንዲገባ ሲሹ፥ የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር እምቢ አለ። የአሜሪካ የመርከብ ባለቤቶች በ1920ው ሕግ መሠረት በአገር ውስጥ ወደቦች መካከል ያላቸውን ብቸኛ መብት፥ የብረት ሠሪዎች ደግሞ የ1933ቱን የአሜሪካን ዕቃ ግዙ የሚለውን ሕግ የሙጥኝ አሉ። የግሪክ አይብ ሠሪዎች ፌታ የሚለው ስም የእኛ ብቻ ነው ሲሉ፥ የአሜሪካ አይብ ሠሪዎች የተለመደ ስም ነው ብለው መለሱ።

ስለ በሩ መዘጋት

ባለ ኢንዱስትሪዎቹ የጠየቁት ብዙው ነገር፥ ለየብቻው ሲታይ፥ ሰውን የሚያስቈጣ አልነበረም። የፍሬቻ ቀለም ወይም የሁለተኛ ፍተሻ መቅረት ማንን አደባባይ ያወጣል? ያስቈጣው ግን የተጠየቀበት መንገድ ነው። በብራሰልስ የሚገኘው ኮርፖሬት ዩሮፕ ኦብዘርቫቶሪ የተባለ ድርጅት ከኮሚሽኑ መዝገብ አውጥቶ እንደ ገለጸው፥ የኮሚሽኑ የንግድ ክፍል ድርድሩን ለማዘጋጀት ካደረጋቸው 560 ግንኙነቶች ውስጥ 520ው፥ ማለት በመቶ 92ቱ፥ ከንግድ ወገኖች ጋር ነበሩ። ኮሚሽኑ ከሚኒስትሮቹ ምክር ቤት የተቀበለው የድርድር ትእዛዝም ለሕዝብ የተገለጸው በኦክቶበር 2014 ነው፤ ድርድሩ ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው።

ስለ መብራት ቀለም መብራት ሠሪውን መጠየቅ ትክክል ነው፤ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ስለ ኬሚካል ደኅንነት ሻጩን ብቻ መጠየቅ ግን ሌላ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ከረጢት ገብተው አፉ በመታሰሩ፥ በውጭ ያለው ሰው ውስጡ ያለው ሁሉ አስፈሪ ነው ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም። በዚህም መካከል ዶሮ ሁለተኛ ተመለሰች። የአሜሪካ ዶሮ ከታረደ በኋላ በክሎሪን ውሃ ሊታጠብ ይችላል፤ ኤውሮፓ ይኽን ከ1997 ጀምሮ ከልክላለች። ተደራዳሪዎቹ ክልከላው እንደማይነሣ ደጋግመው ቢናገሩም፥ በጀርመን አገር የድርድሩ ምልክት ሆኖ የቀረው በክሎሪን የታጠበው ዶሮ ነው፤ የመኪናውና የማሽኑ ነገር ከሥሩ ተቀበረ።

ከዶሮው የበለጠ የጎዳው ግን ባለ ገንዘብ የሆነ የውጭ ኩባንያ መንግሥትን በግልግል ዳኞች ፊት እንዲከስ የሚፈቅደው ክፍል ነው። በ2012 የስዊድኑ ቫተንፋል ጀርመን የኑክሌር ጣቢያዎቿን ለመዝጋት ስለ ወሰነች ከሷት ስለ ነበር፥ ይኽ ነገር ለጀርመኖች ሩቅ ወሬ አልነበረም። ኮሚሽኑ በ2014 የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅ ወደ 150,000 የሚጠጋ መልስ መጣ፤ እጅግ የበዛው በማኅበራት በኩል ተዘጋጅቶ የተላከ ተቃውሞ ነበር። የንግድ ኮሚሽነርዋ ሴሲሊያ ማልምስትሮም በ2015 በግልግሉ ፈንታ ቋሚ የመዋዕለ ንዋይ ፍርድ ቤት ይቁም የሚል አሳብ ቢያቀርቡ፥ የአሜሪካ የንግድ ምክር ቤት አልቀበልም አለ። እኛ እንደሚመስለን ከባለ ኢንዱስትሪዎቹ ስሕተት ትልቁ ይኽ ነው። የሁለቱ ወገን ፍርድ ቤቶች የታመኑ ናቸው፤ ለመኪናና ለማሽን ሠሪው የግልግሉ ነገር ከፍሬቻው ቀለም ያነሰ ጥቅም ያለው ነበር። ማኅበሮቻቸው ግን ለአነስተኛው ጥቅም ሲታገሉ ዋናውን አስጨረሱት።

በሜይ 2016 የግሪንፒስ የኔዘርላንድ ክፍል የድርድሩን ወረቀቶች አውጥቶ አሳየ። በኦገስት 2016 የጀርመኑ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ዚግማር ጋብርኤል ድርድሩ በተግባር እንደ ከሸፈ ተናገሩ፤ በኖቬምበር ሚስተር ትራምፕ ተመረጡ።

እዚህ ላይ በአገራችን ያለ ቆዳ ፋቂ ከዚህ ሁሉ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በቀጥታ ያገባዋል። ከሜይ 2015 ጀምሮ በሪች ሕግ መሠረት ከሰውነት ጋር የሚነካካ የቆዳ ዕቃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ3 ሚሊግራም ያነሰ ክሮሚየም ስድስት ካልያዘ በቀር በኤውሮፓ አይሸጥም። ሞጆ ላይ ቆዳ የሚያለፋ ፋብሪካ ለጣልያን ገበያ ከሠራ ይኽን ልክ ጠብቆ፥ አስፈትሾ መላክ አለበት፤ ደንቡ ሲወጣ ግን የጠየቀው የለም። ሁለቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ የሌላውን ደንብ ቢቀበሉ ኖሮ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ፥ ይኽ ቅለት በሁለቱ አገሮች ለተሠራ ዕቃ ብቻ ነው ወይስ አንዱን ደንብ ላሟላ ለማንኛውም ሰው ነው የሚለው ነው። የመጀመሪያው ቢሆን የሞጆው ፋብሪካ ሁለት ፍተሻ እየከፈለ፥ ተወዳዳሪው በአንድ ያልፋል። ሁለተኛው ቢሆን የአንዱ ገበያ ማረጋገጫ የሁለቱን በር በከፈተለት ነበር። ስለዚህ ጥያቄ በ15ቱ ዙር ውስጥ የእኛን መሰል አገሮች የሚሰማ ወንበር አልነበረም።

ከ2016 በኋላ የሆነው አጭር ነው። በ2018 አሜሪካ በኤውሮፓ ብረት ላይ በመቶ 25፥ በአሉሚኒየም ላይ በመቶ 10 ጣለች። በኤፕሪል 2019 የኤውሮፓ ሚኒስትሮች ምክር ቤት የ2013ቱን ትእዛዝ ጊዜው ያለፈበት ነው ብሎ፥ ስለ ኢንዱስትሪ ዕቃ ቀረጥና ስለ ፍተሻ ብቻ የሚነጋገሩበት አዲስ ፈቃድ ሰጠ፤ ፈረንሣይ ተቃወመች። በ2020 ኤውሮፓ በአሜሪካ የባሕር ሎብስተር ላይ የነበረውን ቀረጥ አነሣች፤ አሜሪካም በምላሹ ከሌሎች ጥቂት ዕቃዎች ጋር በሲጃራ መለኰሻ ላይ ያለውን በግማሽ ቀነሰች። ከታላቁ ውል እስከ ሲጃራ መለኰሻ!

በጁላይ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕና የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ወይዘሮ ፎን ዴር ላየን በስኮትላንድ፥ በተርንቤሪ ተገናኝተው፥ አሜሪካ በአብዛኛው የኤውሮፓ ዕቃ ላይ በመቶ 15 እንድታስከፍል፥ ኤውሮፓ ግን በአሜሪካ የኢንዱስትሪ ዕቃ ላይ ያለውን ቀረጥ እንድታነሣ ተስማሙ። በዚያን ጊዜ የኤውሮፓ መኪና በአሜሪካ የሚከፍለው ከሚያዝያ ወር ጀምሮ በመቶ 27.5 ደርሶ ነበር። በ2013 በመቶ 2.5 በዛብን ብለው ለድርድር የተነሡት መኪና ሠሪዎች በ2025 በመቶ 15 ሲባል እፎይ ለማለት ተገደዱ። በኦገስት 21 ቀን በወጣው የጋራ መግለጫ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን የመኪና ደንብ ለመቀበል እንደሚያስቡ ተጻፈ። የኤውሮፓ የመንገድ ደኅንነት ማኅበራት ወዲያው ተቃወሙ፤ ከሚጠቅሷቸው ነገሮች አንዱ የአሜሪካ ፒክአፖች ክብደትና ቁመት፥ እግረኛ ሲገጩ የሚያደርሱት ጉዳት ነው። መግለጫው ስለ ደንቡ የያዘው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ ፍሬቻው ቀለም ያለው የለም።